የስቴፐር ሞተር ድራይቨር፦ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይስተካከላል?

በካናዳ የካልጋሪ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከስቶኒ ትሬይል ቀለበት መንገድ አጠገብ፣ ሬድስቶን የሚባል አዲስ ሰፈር አለ። ውጭው በበረዶ በሚሸፈንባቸው ረጃጅም ወራት የብዙ ቤቶች ጋራዥ ከመኪና ማደሪያነት አልፎ፣ የእጅ ሥራ ለሚወድ ሰው የምሽት መሥሪያ ይሆናል። ለዚህ ትምህርት እንዲህ ባለ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ አንድ ማሽን በምሳሌነት ይወሰድ። ማሽኑ የሐበሻ ቀሚስ ከመጠለፉ በፊት የጥልፉን ንድፍ በጨርቅ ላይ የሚስል፣ ብዕር የያዘና በሁለት ስቴፐር ሞተሮች የሚንቀሳቀስ ጠረጴዛ ነው። ሥራው ሲያበቃ በሻንጣ ታሽጎ አገር ቤት ላለ የጥልፍ ቤት የሚላክ ይሁን።

መላኩ ጉዳዩን ያከብደዋል። ካልጋሪ ውስጥ የተቃጠለ ድራይቨር በጥቂት ዶላርና በጥቂት ቀን ይተካል። ጎንደር ወይም ደሴ ላይ ግን ተተኪው በመንገደኛ እጅ እስኪደርስ ድረስ ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይቀመጣል፤ ጠላፊዋም ወደ እርሳስና ማስመሪያዋ ትመለሳለች። ድራይቨር ደግሞ በእርጅና ብቻ ሳይሆን ገና በተገጠመበት ሳምንት፣ አንድ ቁጥር በትክክል ባለመለካቱ ሊቃጠል ይችላል።

ተራ ሞተር ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይሽከረከራል፣ ሲቋረጥበት ይቆማል፤ የት እንደቆመ ግን አይታወቅም። ስቴፐር ሞተር እንደ ስሙ በእርምጃ የሚሄድ ነው። በብዛት የሚገኘው ዓይነት አንድ እርምጃው 1.8 ዲግሪ ስለሆነ ሙሉ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይራመዳል። በውስጡ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች፣ በመካከላቸውም ማግኔት ያለው ሮተር አለ። ከረንት በሁለቱ ጥቅሎች ውስጥ አቅጣጫውን በተራ እየለወጠ ሲያልፍ ሮተሩ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ቀጣዩ ይሳባል።

ይህን ተራ የሚያስጠብቀው ድራይቨር የሚባለው ቦርድ ነው። ኮምፒውተሩ ወይም እንደ አርዱዊኖ ያለው ትንሽ መቆጣጠሪያ የሚልከው ሁለት ትእዛዝ ብቻ ነው፤ አንዱ «አንድ እርምጃ ተራመድ» የሚል ሲሆን ሌላው አቅጣጫውን ይነግራል። ትእዛዙ በ5 ቮልት ወይም በ3.3 ቮልት የሚመጣ ደካማ ምልክት በመሆኑ ሞተር የማንቀሳቀስ አቅም የለውም። ድራይቨሩ ምልክቱን ተቀብሎ፣ ከፓወር ሰፕላይ የሚያገኘውን ጠንካራ ኃይል በትክክለኛው ጊዜና በትክክለኛው መጠን ወደ ጥቅሎቹ ያሳልፋል። «በትክክለኛው መጠን» የሚለው ሐረግ የትምህርቱ ሁሉ እምብርት ነው።

በሞተሩ ላይ የተጻፈው ቮልቴጅ

ለጠረጴዛው የተመረጠው ሞተር ኔማ 17 በሚባለው መጠን የተሠራ፣ ፊቱ 42 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ይሁን። መግለጫው 1.5 አምፔር፣ 2 ኦም፣ 3 ሚሊ ሄንሪ ይላል፤ ከዚያም «3 ቮልት» የሚል ይጨምራል። ጀማሪ ይህን የመጨረሻ ቁጥር አይቶ የ3 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ይፈልጋል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ 1.5 አምፔር በ2 ኦም ሲባዛ 3 ቮልት ይሆናል። ነገር ግን የሚሠራው ለቆመ ሞተር ነው።

የሽቦ ጥቅል ከረንትን ወዲያው አይቀበልም። ማግኔታዊ ባሕርዩ ለውጥን ስለሚቃወም ከረንቱ ቀስ እያለ ነው የሚያድገው። በዚህ ሞተር ላይ 3 ቮልት ቢሰጠው ከረንቱ ከሙሉ መጠኑ 63 በመቶ ለመድረስ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ሞተሩ በሰከንድ አምስት ዙር እንዲዞር ሲታዘዝ ደግሞ በሰከንድ 1,000 እርምጃ ይራመዳል ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚደርሰው ጊዜ 1 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከረንቱ ግማሹን እንኳ ሳይደርስ ተራው ያልፋል። ሞተሩ ይዝላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያም ይቆማል።

ያው ሞተር 24 ቮልት ሲሰጠው 1.5 አምፔር ለመድረስ የሚፈጅበት 0.2 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ከእርምጃው ጊዜ አራት አምስተኛው በሙሉ ኃይል ለመሳብ ይተርፈዋል። እዚህ ላይ ግን አደጋው ይመጣል፤ 24 ቮልት በ2 ኦም ላይ ዝም ብሎ ከተተወ ከረንቱ እስከ 12 አምፔር ለማደግ ይሄዳል። ሞተሩም ድራይቨሩም ይቃጠላሉ።

ዘመናዊ ድራይቨር ችግሩን የሚፈታው ቡና እንደምታፈላ ሴት ነው። እሳቱ ብርቱ ስለሆነ ቡናው ቶሎ ይፈላል፤ ሊገነፍል ሲል ጀበናውን ብድግ ታደርገዋለች፣ ሲረግብ መልሳ ትጥደዋለች። ድራይቨሩ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ይለቅና ከረንቱ ከተወሰነለት ጣሪያ ሲደርስ ያቋርጣል፤ ዝቅ ሲል እንደገና ይለቃል። ይህን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋግመዋል። ስለዚህ ሞተሩ ላይ የተጻፈው 3 ቮልት ለምርጫው ከሞላ ጎደል ዋጋ የለውም። ዋናው 1.5 አምፔር የሚለው ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይከተላል። ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣው ከረንት ሞተሩ ውስጥ ከሚዞረው ያነሰ ነው፤ ድራይቨሩ ከፍ ያለ ቮልቴጅና አነስተኛ ከረንት ተቀብሎ ዝቅ ወዳለ ቮልቴጅና ወደ ከፍተኛ ከረንት ይለውጠዋልና። ለዚህ ባለ ሁለት ሞተር ጠረጴዛ 24 ቮልትና 3 አምፔር የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ከበቂ በላይ ነው።

ከገበያው ላይ

በርካሽ ከሚገኙት መካከል ኤል298 የሚባለው፣ በቀይ ቦርድና በትልቅ ጥቁር የሙቀት ክንፉ የሚታወቀው ይገኝበታል። በብዙ የማስተማሪያ ስብስቦች ውስጥ ስለሚታሸግ ሰው በእጁ ያለውን መጠቀም ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። የሚሰጠውን ቮልቴጅ 2 ቮልት ያህል ወይም ከዚያ በላይ በራሱ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ በይበልጥ ደግሞ በእነዚህ ቦርዶች ላይ ከረንት የሚገድብ ክፍል የለም። በ12 ቮልት ባለ 2 ኦሙን ሞተር ቢያገናኙት 5 አምፔር ለማሳለፍ ይሞክራል። ባለ አምስት ሽቦዋ 28 ቢዋይጄ 48 እና ጓደኛዋ ዩኤልኤን2003 ቦርድም ለመጋረጃ መክፈቻ ወይም ለልጆች ሙከራ ጥሩ ናቸው፤ ብዕር ተሸክሞ ለሚሮጥ ጠረጴዛ ግን እጅግ ዝግተኛ ናቸው።

በእውነት ለምርጫ የሚቀርቡት ሦስት ትንንሽ ቦርዶች ናቸው። ከሌጎ ቁራጭ ብዙም የማይበልጡት እነዚህ ቦርዶች በዓለም ዙሪያ የተሰራጩት በ2005 በእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ አድሪያን ቦውየር በጀመረው የሬፕራፕ እንቅስቃሴና እሱን ተከትሎ በመጣው የቤት ውስጥ ባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ አማካይነት ነው። ኤ4988 ከ8 እስከ 35 ቮልት ይቀበላል፤ ያለ ማቀዝቀዣ 1 አምፔር አካባቢ፣ በሙቀት ክንፍና በማራገቢያ እስከ 2 አምፔር ይሰጣል። አንዱን እርምጃ እስከ 16 ይከፋፍላል። ዲአርቪ8825 እስከ 45 ቮልት የሚቋቋም ሲሆን እርምጃውን እስከ 32 ይከፍላል። ቲኤምሲ2209 ደግሞ በጀርመኗ ሐምቡርግ ከተማ በተመሠረተው ትሪናሚክ የተሠራ ነው፤ ሞተሩን ያለ ጩኸት ማንቀሳቀሱ ዋና ዝናው ሲሆን ሞተሩ ሲያርፍ ከረንቱን በራሱ ዝቅ ማድረግም ይችላል። የላይኛው ወሰኑ ግን 29 ቮልት ነው።

ሞተሩ ከ2 አምፔር በላይ የሚፈልግ ከሆነ፣ ለምሳሌ እንጨት ለሚቀርጽ ማሽን፣ እነዚህን ትንንሾች አስጨንቆ ማሠራት ስህተት ነው። ቲቢ6600 ወይም ዲኤም542 የሚባሉት በብረት ሣጥን የተዘጉና ከረንታቸው በጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች የሚመረጥ ናቸው። ሰፊ አካል ስላላቸው ሙቀቱን በቀላሉ ያስወግዳሉ።

ለጥልፍ ጠረጴዛው የትኛው ይሻላል? ጸጥታ ለሚወድ ቤት ቲኤምሲ2209 ተመራጭ ነው። አገር ቤት ለሚላክ ማሽን ግን ኤ4988 ክርክሩን ያሸንፋል፤ በጣም የተለመደና ርካሽ ነው፣ የሚስተካከለውም በአንዲት ብሎን ስለሆነ ሊጠግነው የሚነሳ ሰው ቴስተርና ካቻቪቴ እንጂ ሶፍትዌር አያስፈልገውም። የጸጥታው ጥቅም እውነተኛ ቢሆንም የስፌት መኪና በሚጮህበት ክፍል ውስጥ ማንም አይሰማውም።

እርምጃን መከፋፈል ሻጮች አጋነው የሚያስተዋውቁት ነገር መሆኑም ሊታወቅ ይገባል። እርምጃው በ16 ሲከፈል እንቅስቃሴው ይለሰልሳል፣ ንዝረቱም ይቀንሳል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን አንዷ ክፋይ ብቻዋን የምትጨምረው የማዞር ጉልበት ከሞተሩ ሙሉ ጉልበት 10 በመቶ ያህል ነው፤ በ32 ሲከፈል ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። የቺንጋውና የኩሽኔታው ፍትጊያ ከዚህ ከበለጠ ሮተሩ ክፋዮቹን ቆጥሮ አይንቀሳቀስም፤ ጥቂት ክፋዮች ተጠራቅመው ፍትጊያውን እስኪያሸንፉ ይጠብቃል። በወረቀት ላይ የሚታየው ጥራት በጨርቅ ላይ አይገኝም።

አንዲቷ ብሎን

በኤ4988 ላይ የከረንቱን ጣሪያ የምትወስነው ከጤፍ ብዙም የማትተልቅ የምትመስል ተስተካካይ ብሎን ናት። ብሎኗ ስትዞር ማጣቀሻ ቮልቴጅ የሚባለው ይለወጣል። ቀመሩ እንዲህ ነው፦

ከፍተኛ ከረንት = ማጣቀሻ ቮልቴጅ ÷ (8 × የመለኪያው ሬዚስተር)

የመለኪያው ሬዚስተር በቦርዱ ላይ ከቺፑ አጠገብ ከተቀመጡት ሁለት ተመሳሳይ ጥቃቅን ሬዚስተሮች አንዱ ነው። አር100 የሚል ከተጻፈበት 0.1 ኦም፣ አር068 ከሆነ 0.068 ኦም፣ አር050 ከሆነ 0.05 ኦም ነው። ሦስቱም ዓይነቶች በገበያ ላይ አሉ፤ ቦርዶቹም በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። አደጋው ይህ ነው። ማጣቀሻው 0.8 ቮልት ላይ ሲቀመጥ አር100 ያለው ቦርድ 1 አምፔር፣ አር068 ያለው 1.47 አምፔር፣ አር050 ያለው ደግሞ 2 አምፔር ይሰጣል። ከአንድ የቪዲዮ ትምህርት ላይ «0.8 አድርጉት» የሚለውን ሰምቶ ሳያጣራ የሚከተል ሰው ባለ 1.5 አምፔር ሞተሩን በ2 አምፔር ሊጠብሰው ይችላል። ስለዚህ ብሎኗ ከመነካቷ በፊት ሬዚስተሩ በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ ይነበባል።

ሞተሩ 1.5 አምፔር ይችላል ማለት 1.5 አምፔር ይሰጠው ማለት አይደለም። ከረንቱ ወደ 1 አምፔር ዝቅ ሲል ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ በጥቅሎቹ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን ከግማሽ በታች ይሆናል፣ ሙቀት ከከረንቱ ካሬ ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ። ብዕር ብቻ ለሚጎትት ጠረጴዛ ይህ ጥሩ ልውውጥ ነው። በአር100 ቦርድ ላይ 1 አምፔር ማለት 0.8 ቮልት፣ በአር050 ላይ ግን 0.4 ቮልት ነው። ለዲአርቪ8825 በቀመሩ ውስጥ ያለው 8 በ5 ይተካል፤ በአር100 ሬዚስተር 1 አምፔር ለማግኘት 0.5 ቮልት ይበቃል። ቲኤምሲ2209ን በተመለከተ መግለጫው የሚናገረው ስለ ጣሪያው ከረንት ሳይሆን ስለ ውጤታማ አማካዩ ነው፤ የእሱ 1 አምፔር በጣሪያ ሲለካ 1.41 አምፔር ይሆናል። ሁለቱን ያምታታ ሰው «ይህ ድራይቨር ያሞቃል» እያለ ቦርዱን ያማል።

አለካኩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቴስተሩ ጥቁር ጫፍ ከግራውንድ ጋር፣ ቀዩ ደግሞ ከብሎኗ ብረት ጋር ይያያዛል። የቀዩን ሽቦ በአዞ መንጋጋ መቆንጠጫ ከካቻቪቴው ብረት ጋር ካያያዙት ብሎኗ እየዞረች ቁጥሩ ሲለወጥ በቀጥታ ይነበባል። ካቻቪቴው አንሸራትቶ ጎረቤት እግር ከነካ ድራይቨሩ በቅጽበት ሊሞት ስለሚችል የፕላስቲክ ወይም የሴራሚክ ካቻቪቴ ያለው ሰው እሱን ቢጠቀም ይመረጣል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ የሚነበበው እጅ ከብሎኗ ከተነሳ በኋላ ነው። በኤ4988 ላይ ለመለካት የ5 ቮልቱ ምግብ ብቻ ይበቃል፤ የሞተሩ 24 ቮልት ጠፍቶ ሊቆይ ይችላል። ዲአርቪ8825 ግን የራሱን ማጣቀሻ ከሞተሩ ኃይል ስለሚያወጣ ያ ኃይል መኖር አለበት።

ሌላም ስውር ነገር አለ። የኤ4988 ማጣቀሻ የሚቀዳው ከ5 ቮልቱ ምግብ ነው። ማሽኑ በላፕቶፕ ዩኤስቢ ላይ ሳለ 4.7 ቮልት እየደረሰው ከተስተካከለና በኋላ ሙሉ 5.1 ቮልት ከሚሰጥ ምንጭ ጋር ከተያያዘ የሞተሩ ከረንት በዚያው ልክ ከፍ ይላል። መጨረሻ በሚሠራበት ምግብ ላይ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። የጥቅሉን ከረንት በቀጥታ መለካት የፈለገ ሰውም ድራይቨሩ በሙሉ እርምጃ ላይ ሲሠራ ከጣሪያው 70 በመቶውን ብቻ እንደሚያሳልፍ ይወቅ፤ በቴስተሩ ላይ 0.7 አምፔር ካነበበ ጣሪያው 1 አምፔር ነው እንጂ ድራይቨሩ አልተበላሸም።

ሽቦ ማገናኘት

ከሞተሩ አራት ሽቦዎች የትኞቹ ሁለቱ አንድ ጥቅል እንደሆኑ ከቀለማቸው ማወቅ አይቻልም፤ ፋብሪካዎች በቀለም አይስማሙም። ቴስተሩ 2 ኦም አካባቢ የሚያሳይባቸው ሁለት ሽቦዎች አንድ ጥቅል ናቸው። ቴስተር ከሌለ ሁለት ሽቦ አገናኝቶ ዘንጉን በእጅ ማዞር ነው፤ ዘንጉ ካስቸገረ ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። ጥቅሎቹ ተደበላልቀው ከተገናኙ ሞተሩ አይዞርም፤ እየተንቀጠቀጠ ያጉረመርማል።

ቦርዱን ገልብጦ መሰካት ሌላው የተለመደ ሞት ነው። በተለይ ኤ4988ን በዲአርቪ8825 የሚተካ ሰው ይጠንቀቅ፤ የሁለቱ እግሮች ተመሳሳይ ቢሆኑም ተስተካካይዋ ብሎን በተቃራኒ ጫፍ ላይ ናት። ብሎኗን አይቶ አቅጣጫ የሚወስን ሰው 24 ቮልቱን ወደተሳሳተ እግር ይልከዋል። መመሪያ መሆን ያለበት በእግሮቹ አጠገብ የተጻፈው ፊደል ነው።

ከሞተሩ ኃይል መግቢያ አጠገብ፣ ከድራይቨሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር በማይርቅ ቦታ፣ 100 ማይክሮ ፋራድ የሆነና ቢያንስ 50 ቮልት የሚችል ካፓሲተር ይተከላል። ካፓሲተሩ ከሌለ ረጅም የኃይል ሽቦ ተሰክቶ ማብሪያው ሲጫን በቅጽበት የሚነሳው የቮልቴጅ ዝላይ የኤ4988ን የ35 ቮልት ወሰን ሊያልፍ ይችላል፤ ይህ በ12 ቮልት ምግብ ላይ እንኳ የሚደርስ ነው። እንዲሁም ኃይል እያለ የሞተሩን ሽቦ መንቀል ፈጽሞ አይፈቀድም። ከረንቱ የተቋረጠበት ጥቅል ያንኑ ከረንት ለማስቀጠል ስለሚታገል በተነቀለው ጫፍ ላይ የእሳት ብልጭታ፣ በድራይቨሩ ውስጥ ደግሞ ሞት ይፈጥራል። የላላ ማገናኛም ይህንኑ ያደርጋል። የሚጓጓዝ ማሽን በሻንጣ ውስጥ ብዙ ስለሚናወጥ ማገናኛዎቹ በመቆለፊያ የሚያዙ ዓይነት ይሁኑ።

የካልጋሪ አየር

በካልጋሪ ብርድ ወራት አየሩ ክፉኛ ደረቅ ነው። ምንጣፍ ላይ ተራምዶ የበር እጀታ የነካ ሰው ጣቱ ላይ ብልጭ የምትለውን ያውቃታል። ያቺ ብልጭታ እንድትሰማ የሰውነት ቮልቴጅ 3,000 አካባቢ መድረስ አለበት፤ ቺፕ ግን ሰው ምንም ሳይሰማው ከዚያ ባነሰ ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ድራይቨሩ ለሳምንታት ሠርቶ አንድ ቀን ያለ ምክንያት ይሞታል። ቦርዱ ከብርማ ከረጢቱ ከመውጣቱ በፊት መሬት የተያያዘ ብረት መንካት፣ በእጅ አንጓ የሚታሰር የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማስወገጃ ማጥለቅ፣ የሱፍ ሹራብም ማውለቅ ለሬድስቶን ጋራዥ ቅንጦት አይደለም።

ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። የካልጋሪ ሌሊት አንዳንዴ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪን አልፎ ይወርዳል፤ የኤ4988 መግለጫ ደግሞ ዋስትና የሚሰጠው እስከ ዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነው። በኩሽኔታው ውስጥ ያለው ግራሶ ሲጠጥር በሞቀ ክፍል ውስጥ ያለ ችግር ይሄድ የነበረው ጠረጴዛ እርምጃ መሳት ይጀምራል። ከቀዘቀዘው ጋራዥ ወደ ሞቀው ቤት የገባ ቦርድ ላይም ጤዛ ይይዛል። ቦርዱ በታሸገ ከረጢት እንደተጠቀለለ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ጥቂት ሰዓት መቆየት አለበት፤ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

የጠፋ እርምጃ

ድራይቨሩ ያዘዘውን እርምጃ ሞተሩ መራመዱን አያጣራም። ሮተሩ ሲዘገይ ማግኔታዊ መስኩ ጥሎት ይሄድና ቀጣዩ ተመሳሳይ ማረፊያ ላይ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ስህተቱ በአራት ሙሉ እርምጃ ብዜት ይመጣል። ጠረጴዛው 20 ጥርስ ያለው ማርሽና በየ2 ሚሊ ሜትሩ ጥርስ ያለው ቺንጋ ቢኖረው በአንድ ዙር 40 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ እርምጃ 0.2 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። አንድ ጊዜ መንሸራተት ማለት 0.8 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለእንጨት አጥር ምንም አይደለም፤ ለመስቀል ጥልፍ ግን የመነሻውና የመድረሻው መስመር ሳይገናኙ ይቀራሉ፣ ያንን ደግሞ ጠላፊዋ ከሩቅ ታየዋለች።

የብዙዎች የመጀመሪያ መድኃኒት ከረንት መጨመር ነው። አንዳንዴ ይሠራል። በብዛት ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ከቆመበት በቀጥታ ወደ ሙሉ ፍጥነት እንዲዘል የታዘዘ ሞተር ምንም ያህል ከረንት ቢሰጠው ይስታል። ፍጥነቱ በደረጃ እንዲያድግና በደረጃ እንዲቀንስ በፕሮግራሙ ውስጥ ማዘዝ ያስፈልጋል። ከረንት የተጨመረበት ድራይቨር እንዲያውም ሊብስበት ይችላል፤ ከልክ በላይ ሲሞቅ ራሱን አጥፍቶ፣ ሲበርድ ተመልሶ ይነሳል፣ በመካከል ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ይጠፋሉ። ከአሥር ደቂቃ ሥራ በኋላ ብቻ የሚመጣ ስህተት የሙቀት ምልክት ነው። ሞተሩ ራሱ ለእጅ የሚያቃጥል መሆኑ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ጥቅሎቹ ከዚያ በላይ ይችላሉ። የሞተሩ መያዣ ፒኤልኤ ከሚባለው ፕላስቲክ የታተመ ከሆነ ግን 60 ዲግሪ አካባቢ ስለሚለሰልስ ጠረጴዛው ቀስ በቀስ ይጣመማል።

ወደ አገር ቤት

በካናዳ ግድግዳ ላይ ያለው 120 ቮልት ነው፤ በኢትዮጵያ 220 ቮልት። ከፓወር ሰፕላዮች አንዳንዶቹ ሁለቱንም በራሳቸው ይለያሉ፤ ሌሎቹ ግን በጎናቸው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማንሸራተቻ አላቸው። 115 ላይ እንደተተወ አገር ቤት ሶኬት ላይ የተሰካ ፓወር ሰፕላይ በአንድ ድምፅ ይፈነዳል። ለሚላክ ማሽን በራሱ የሚለየውን ዓይነት መግዛት ይሻላል፤ ማንሸራተቻ ያለው ከሆነ ካልጋሪ ሳለ የመጨረሻው ሙከራ እንዳበቃ 230 ላይ ተደርጎ በቴፕ ይለጠፋል። ካናዳ ውስጥ በሚገዛበት ጊዜም የሲኤስኤ ወይም ተመሳሳይ የደኅንነት ምልክት ያለበትን መምረጥ ጋራዡ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ለሆነ ሰው የጥቂት ዶላር ጉዳይ አይደለም።

ከፍታም አለ። ካልጋሪ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ትበልጣለች፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል፤ የብዙ ፓወር ሰፕላዮች መግለጫም ሙሉ ጉልበታቸውን የሚሰጠው እስከ 2,000 ሜትር ነው። በሬድስቶን ለብ ብሎ የሠራ ድራይቨር እንጦጦ ሥር የበለጠ ይሞቃል። ከረንቱ ከወሰኑ ዝቅ ብሎ ወደ 1 አምፔር መቀመጡ እዚህ ላይ ዋጋውን ያሳያል፤ ትንሽ ማራገቢያ ከተጨመረበት ደግሞ ሐሳብ ይቀንሳል።

ከማሽኑ ጋር ሁለት ተጨማሪ ድራይቨሮች፣ ፊውዝና አንድ ካቻቪቴ ይታሸጋሉ። ተጨማሪዎቹ ከተገጠሙት ጋር ከአንድ ግዢ የመጡና ተመሳሳይ የመለኪያ ሬዚስተር ያላቸው ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ እዚያው ካልጋሪ ላይ ተስተካክለውና ለአንድ ምሽት ሠርተው ከታዩ ደግሞ የተሻለ ነው። በሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ይለጠፋል። በላዩም የሞተሩ ከረንት፣ የእያንዳንዱ ጥቅል ሁለት ሽቦዎች ቀለም፣ ኃይል ሳይጠፋ ሽቦ እንዳይነቀል የሚል ቃልና የማጣቀሻው ቮልቴጅ ይሰፍሩበታል። ከቮልቴጁ ጎን የሬዚስተሩ ቁጥር መኖር አለበት፦ «አር100 ከሆነ 0.8 ቮልት፣ አር068 ከሆነ 0.54 ቮልት፣ አር050 ከሆነ 0.4 ቮልት»።